«ጊዜው አይደለም»

ባለፈው መጋቢት መጨረሻ ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ ብዙም በማይርቅ አንድ የጎልፍ ክለብ ውስጥ፣ ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አካፋ ይዤ ቆሜያለሁ። ብርዱ ገና መውጣቱ ነው። የቼሪ ዛፎች አብበዋል፤ ሰው ካፖርቱን ቤቱ ጥሎ መውጣት ጀምሯል። ከፊታችን ያለው ሣር እንደ ምንጣፍ ለስልሷል። እኛ ደግሞ በላዩ ላይ መብሻ ማሽን እየነዳንበት ነው።

ሰባ ዓመት ያለፋቸው አንድ የክለቡ አባል ቆም ብለው ሲያዩን ቆዩ። ከዚያ ወደ ሜዳው ኃላፊ ዞሩ።

«ብርዱን ሙሉ ይህን ቀን ስጠብቅ ከረምኩ። ገና አየሩ ደህና ሲሆን ሜዳውን ወንፊት ታደርጉታላችሁ? ጊዜው አሁን ነው?»

ኃላፊያችን ረጋ ያለ ሰው ነው። «አዎ፣ ጊዜው አሁን ነው» አላቸው። «ዛሬ ‹ለምን በሳኸው?› ይሉኛል። ባልበሳው ሐምሌ ላይ ‹ለምን ሞተ?› ይሉኛል። የዛሬው ጥያቄ ይሻለኛል።»

ሽማግሌው እያጉረመረሙ ሄዱ። እኔ ግን ያቺ ንግግር ቀኑን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣችም። ከዓመታት በፊት አንድ አለቃዬ የነገረኝን፣ እኔም እሺ ብዬ የተቀበልኩትን ቃል አስታወሰችኝ። ይህን የምጽፈው በእሷ ምክንያት ነው።

*

መጀመሪያ እዚያ ምን እንደምሠራ ልንገራችሁ። ሙያዬ ጋዜጠኝነት ነው። የመጀመሪያ ዲግሪዬን ይዤ ለዓመታት አዲስ አበባ ሠርቻለሁ፤ አሁንም በፍሪላንስ እጽፋለሁ። የፍሪላንስ ጽሑፍ ግን የቨርጂኒያን የቤት ኪራይ አይከፍልም። ስለዚህ ከየካቲት እስከ ኅዳር ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የጎልፍ ሜዳ እገባለሁ። ሰው «ምን ትሠራለህ?» ሲለኝ ደግሞ ለረጅም ጊዜ «ከአካባቢ ጥበቃ ጋር የተያያዘ ሥራ» እያልኩ ነበር። ሣር አጫጅ ነኝ ማለት ከብዶኝ ነው።

ፀደይ፣ የእኛ በልግ በሚሆንበት ወቅት፣ የዚህ ሥራ ዋና ጊዜ ነው። በመኸር መጨረሻ ቧንቧዎቹ በብርድ እንዳይፈነዱ በአየር ግፊት ውኃቸው ተጠርጎ ወጥቶ ነበር። አሁን ውኃው ይመለሳል፤ ያውም በዝግታ፣ አየሩ እየወጣ። ቸኩሎ የከፈተው ሰው ቧንቧ ይፈነዳበታል። ቀጥሎ የአፈሩ ሙቀት በየቀኑ ይለካል። ወደ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ለጥቂት ቀናት ከቆየ ክራብግራስ የሚባለው አረም ሊበቅል ነው ማለት ነው። መድኃኒቱ የሚረጨው አረሙ ከመታየቱ በፊት ነው፤ ከታየ በኋላ ያ መድኃኒት አይሠራም።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ብሳቱ ነው። ግሪን የሚባለው፣ ባንዲራው የሚተከልበትና ኳሷ የምትገባበት ቦታ፣ ሣሩ ወደ ሦስት ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝቅ ብሎ ይታጨዳል። ሦስት ሚሊ ሜትር! በዚያ ላይ ዓመቱን ሙሉ ሰው ይረግጠዋል፤ ማሽን ይመላለስበታል። አፈሩ ይጠጥራል። ከሣሩ ሥር ደግሞ የሞተ ግንድና ሥር እየተደራረበ እንደ ስፖንጅ ይሆናል፤ ውኃውን ከላይ ይዞ ያስቀራል። ሥሩ አየር ያጣል። ከላይ ግን ምንም አይታይም፤ አረንጓዴ ነው።

ማሽኑ ባዶ የብረት ቱቦዎችን ሰባት ስምንት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ አፈሩ እየሰካ ይነቅላል። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ጣት የምታህል የአፈር ቁራጭ ትወጣለች። በአምስት ሴንቲ ሜትር ርቀት ሲበሳ በአንድ ካሬ ሜትር አራት መቶ ቀዳዳ ነው። የአሥራ ስምንቱ ግሪኖች ስፋት አንድ ላይ ከሄክታር ትንሽ ስለሚበልጥ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ አምስት ሚሊዮን የሚጠጋ ቀዳዳ እንበሳለን ማለት ነው። የወጣውን አፈር በአካፋ እንዝቃለን፤ በቶን የሚቆጠር አሸዋ እንበትናለን፤ ቀዳዳው ውስጥ እስኪገባ በመጥረጊያ እንስበዋለን፤ እንዳምጠዋለን፤ እናጠጣዋለን። ማታ እጅ ማንኪያ አያነሳም።

አሸዋው የቆየ ታሪክ አለው። ኦልድ ቶም ሞሪስ የሚባለው ስመ ጥሩ የስኮትላንድ ሜዳ ጠባቂ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንድ ጋሪ አሸዋ ግሪን ላይ በስህተት ደፍቶ፣ ቆይቶ ሲያየው አሸዋው የተደፋበት ሣር ከሌላው በልጦ አገኘው ይባላል። ከዚያ ወዲህ አሸዋ የዚህ ሙያ መሠረት ነው።

ለምን በፀደይ? ዋሽንግተን አካባቢ ለሣር አስቸጋሪ ቀጠና ነው። ለደቡቡ ሙቀት ወዳድ ሣር ይበርዳል፤ ለሰሜኑ ብርድ ወዳድ ሣር ደግሞ በጋው ያቃጥላል። የኛ ግሪኖች ሣር ቤንትግራስ ነው፤ ብርድ ይወዳል። ሥሩን የሚሰደው አሁን፣ አፈሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ነው። ሐምሌ ሲደርስ ሥሩ ያጥራል፤ ያለውን ይዞ ነፍሱን ለማቆየት ብቻ ይታገላል። አሁን የተበሳ ሣር በሁለት ሦስት ሳምንት ቁስሉን ይዘጋል። ያው ቀዳዳ በሐምሌ ሙቀት ቢበሳ ይገድለዋል። ማሽኑም፣ ቀዳዳውም፣ እጁም አንድ ነው፤ የሚለየው ጊዜው ነው።

*

አንድ እሑድ፣ ኔትወርክ ተገኝቶ፣ ጎጃም ካለው አባቴ ጋር ስናወራ እውነቱን ነገርኩት። ዕድሜውን ሙሉ ገበሬ ነው።

«ማሳው ምን ያህል ነው?» አለኝ።

«ሁሉ አንድ ላይ ወደ ስድሳ ሄክታር።»

በጥማድ አሰበው። «ሁለት መቶ አርባ ጥማድ! ምን ይዘራበታል?»

«ሣር።»

«ለስንት ከብት?»

«አንድም ከብት የለም፣ አባዬ። ኳስ ይጫወቱበታል።»

ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ። የታጨደው ሣርስ የት ይሄዳል?»

«ይጣላል።»

«እግዚኦ በል!» አለ። ቀጠለና «ማዳበሪያም ይጨመርበታል?» ሲለኝ አፈርኩ። ይጨመርበታል። በየጊዜው በትንሽ በትንሹ፣ ለሕፃን ምግብ በማንኪያ እንደሚሰጠው፣ ናይትሮጂን እየተለካ ይረጫል። አባቴ አንድ ከረጢት ዩሪያ ለማግኘት ስንት ጊዜ ተመላልሶ ባዶ እጁን እንደተመለሰ አውቃለሁ። መልሴን አሳጠርኩ።

ወሬ ለማስቀየር ብዬ «ሰሞኑን ሣሩን እየበሳነው ነው» አልኩት። ይገረማል ብዬ ነበር። እሱ ግን ወዲያው «ተረግጦ ጠጥሮ ነዋ!» አለኝ። «መሬት ሲረገጥ ይታፈናል። እኛስ ለጤፍ አራት አምስት ጊዜ የምናርሰው ለምን ይመስልሃል? ግን እርጥበት ሳለ ብሱት። ከደረቀ በኋላ የነካኸው መሬት እንጉልቻ እንጉልቻ እያለ ይነሳል እንጂ አይለሰልስም።»

ኃላፊያችን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የተማረውን አባቴ በሁለት ደቂቃ ነገረኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ «የአካባቢ ጥበቃ» ማለት ትቻለሁ። የጎልፍ ሜዳ ሠራተኛ ነኝ።

*

አሁን ወደዚያች ቃል።

በ2010 ዓ.ም. ለአንድ መገናኛ ብዙኃን ስሠራ፣ ወደ አንድ የገጠር ቀበሌ የእጅ ፓምፕ ምርቃት ሄጄ ነበር። ሪባን ተቆረጠ፤ ፈንዲሻ ተበተነ፤ ንግግር ተደረገ። አንዲት እናት በመዳፋቸው ውኃ ቀድተው ሲጠጡ ፎቶ አነሳሁ። ዘገባው በማግስቱ ወጣ። ጥሩ ዘገባ ነበር፤ ውሸት አልነበረበትም።

ከሁለት ዓመት በኋላ በሌላ ጉዳይ በዚያው ቀበሌ ሳልፍ ወርጄ አየሁት። የአጥሩ በር በገመድ ታስሯል። በፓምፑ ዙሪያ ሣር በቅሏል፤ ሴቶቹ ጀሪካን አዝለው ወደ ወንዙ ተመልሰዋል። ምን ሆነ ብዬ ስጠይቅ፣ ውኃው ከነጉልበቱ ከታች አለ። የጠፋው ፓምፑ ውስጥ ያለ አንድ ጎሚኒ ነው። አልቋል። በየጊዜው የሚያልቅ፣ በየጊዜው መቀየር ያለበት የጎማ ቀለበት ነው። የውኃ ኮሚቴው ከየቤቱ ያዋጣው ገንዘብ ነበረው፤ ጎሚኒው ግን ከተማው ላይ የለም። መካኒኩ ወረዳ ነው፤ ለወረዳው መካኒክ ደግሞ አበል የለም። የምርቃቱ በጀት ነበር። የጎሚኒው በጀት አልነበረም።

ጻፍኩት። ማንንም አልሰደብኩም። ሰዎቹን፣ ኮሚቴውን፣ መካኒኩን አነጋግሬ፣ የሁለት ዓመቱን ፎቶ ከአዲሱ ጋር አያይዤ ሰጠሁ። አለቃዬ አነበበው። «ቆንጆ ነው» አለኝ። «ግን ይቆይ። ጊዜው አይደለም።»

ለምን ጊዜው እንዳልሆነ አልጠየቅኩም። እኔም የማውቀው መሰለኝ። አለቃዬን ብቻ ልወቅስ አልፈልግም፤ እሱም በላዩ አለቃ ነበረው። «እሺ» ያልኩት እኔ ነኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ምርቃት ልኮኝ ሄድኩ። እዚያም ፈንዲሻ ነበር።

የገባኝ እዚህ፣ አሸዋ እየጎተትኩ ነው። እኛ ሀገር ለትችት የሚሆን ወቅት የለም። ነገሮች ደህና ሲሆኑ «ሀገር እያደገች ለምን ታጨልማላችሁ?» ይባላል። ነገሮች ሲከፉ ደግሞ «ሀገር ጭንቅ ላይ ሳለች ለምን ታባብሳላችሁ?» ይባላል። በፀደይ ሽማግሌው አይፈቅዱም፤ በሐምሌ ሙቀቱ አይፈቅድም። በመካከሉ ሥሩ ይታፈናል፤ ከላይ አረንጓዴ ነው።

ሐቁ ግን ስለ ጎሚኒው መጻፍ የነበረብን በዚያው ጊዜ ነበር። ጎሚኒ ብቻ በጠፋበት፣ ኮሚቴው ገንዘብ ባለበት፣ ሴቶቹ አሁንም ተስፋ ባልቆረጡበት ጊዜ። «ጊዜው አይደለም» የተባለው ቀን ጊዜው ራሱ ነበር።

*

የጎልፍ ሜዳን አርአያ አድርጋችሁ ውሰዱ እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ለጥቂት መቶ አባላት ይህን ሁሉ መሬት፣ ውኃና ኬሚካል ማፍሰስ ሊመሰገን አይገባም። ከእኔ ጋር የሚሠሩት አብዛኞቹ ኤች-ቱ-ቢ በሚባለው የወቅት ሠራተኛ ቪዛ የመጡ ጓቲማላዊያን ናቸው። ቪዛው ለመላው አሜሪካ በዓመት 66,000 ሰው በሚል ጣሪያ የተገደበ ነው፤ ኅዳር ላይ ወደ ሀገራቸው ይመለሳሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት መምጣታቸውን እርግጠኛ ሆነው አያውቁም። አንዱ ባልደረባዬ ጉልበቱን ያመዋል። ለእያንዳንዱ ማሽን ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ የሚመዘገብበት ደብተር አለ። ስለ እሱ ጉልበት የተጻፈ ደብተር የለም። እዚህም ቢሆን የሚጠገነውና የማይጠገነው ተለይቶ ይታወቃል።

ከላይ የሚታየውን ማምለክም የኛ ብቻ ችግር አይደለም። ኤድዋርድ ስቲምፕሰን የሚባል አማተር ጎልፈኛ እ.ኤ.አ. በ1935 ኳስ ግሪን ላይ ምን ያህል እንደምትንከባለል የሚለካ መሣሪያ ሠራ። ሐሳቡ የመጣለት በዚያ ዓመት በፔንሲልቬንያ ኦክሞንት የተካሄደውን የአሜሪካ ኦፕን ውድድር ካየ በኋላ ነው። የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር መሣሪያውን አሻሽሎ እ.ኤ.አ. በ1978 ለሜዳ ኃላፊዎች ሲያቀርበው ዓላማው የአንዱ ሜዳ ግሪኖች ፍጥነታቸው ተቀራራቢ እንዲሆን መርዳት ነበር። ቀስ በቀስ ግን ቁጥሩ መፎካከሪያ ሆነ። አባላት «የእነ እገሌ ክለብ ከኛ ይፈጥናል» ይላሉ። ፍጥነት እንዲጨምር ሣሩ ይበልጥ ዝቅ ብሎ ይታጨዳል፤ ዝቅ ባለ ቁጥር ሥሩ ያጥራል። ለፍጥነቱ ቁጥር አለ፤ አባላቱ ስለ ሥሩ ርዝመት ሲጠይቁ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ይህን ስሰማ አዲስ አበባ ትዝ ትለኛለች። በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረው የኮሪደር ልማት በኋላ ከሀገር ቤት የሚላክልኝ ፎቶ ሁሉ ሣር ነው፤ የመንገድ ዳር ሣር፣ አበባ፣ መብራት፣ ፏፏቴ። ያምራል፤ አያምርም አልልም። የፈረሰው ሰፈርና የተነሳው ሰው ጉዳይ ደግሞ ራሱን ችሎ መነሳት ያለበት ነው፤ እዚህ በአንድ አንቀጽ አላልፈውም። እኔ አሁን በሣር ሠራተኛነቴ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። በሦስተኛው ዓመት ማን ያጠጣዋል? ቧንቧው ሲያፈስ ማን ይደውላል፣ ለማን? መለዋወጫው የት መደርደሪያ ላይ ነው? የአትክልተኛዋ ደመወዝ የተመደበው ለስንት ዓመት ነው? መልሱ ካለ ደስ ይለኛል። ከሌለ መጠየቂያው ዛሬ ነው፤ ሣሩ አረንጓዴ ሳለ። ከደረቀ በኋላ ጥያቄ ሳይሆን ወቀሳ ይሆናል።

ለኛ ለጻፊዎቹም አንድ ነገር ልጨምር። ኃላፊያችን ሜዳውን በስቶ አይሄድም። ቀዳዳውን በዚያው ቀን በአሸዋ ይሞላል፤ በየማለዳው ተንበርክኮ ያየዋል። እኛ ግን ዛሬ በሶሻል ሚዲያ የምንጽፈው አብዛኛው ነገር ብሳት ብቻ ነው። በስተን፣ ላይክ ቆጥረን፣ ወደ ሌላ ግሪን እንሄዳለን። ስለ ፓምፑ የጻፍኩት ዘገባ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ተመልሼ ሄጄ ጎሚኒው መቀየሩን አየው ነበር ወይ? እንጃ። ራሴን ስጠይቅ አፌን ሞልቼ አዎ ማለት አልቻልኩም።

*

ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ቀዳዳዎቹ ተዘጉ። እንዳልተነካ ሆነ። ሽማግሌው መጥተው ሲጫወቱ አየኋቸው፤ ሲያልፉ እጃቸውን አነሱልን። ምስጋና ይሁን ሰላምታ አላውቅም።

በዚያ ሰሞን የድሮ ኢሜይሌን ከፍቼ ዘገባውን አገኘሁት። የውኃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ስልክ ከታች ተጽፎ ነበር። ደወልኩ። ስሜን ነግሬው ትንሽ ካሰበ በኋላ አስታወሰኝ።

«ፓምፑስ?» አልኩት።

«ኧረ እሱ ቆየ!» አለ። «ዝም ብሎ ሲቆም ውስጡ ያለው ብረት ዛገ። እጀታውንም ሰው ወሰደው። ባለፈው ዓመት አንድ ባለሙያ መጥቶ አይቶት ነበር። አሁን ጎሚኒ ብቻ አይበቃውም፤ ሁሉም ወጥቶ በአዲስ መተካት አለበት አለን። ያን ያህል ገንዘብ ደግሞ የለንም።»

ሁለታችንም ዝም አልን። ከዚያ ያለምንም ቂም፣ ለወሬ ያህል፣ «ያኔ መጥተህ ፎቶ አንስተህ ነበር አይደል? ወጣ?» አለኝ።

«አልወጣም» አልኩት።

«ምነው?»

ምን ልበለው? «ጊዜው አይደለም ተባለ» ማለት አፈርኩ።